የማን መንቀጥቀጥ ነው?

ስትሮጥ ደህና ነበረች፤ ስትቆም ነው ጉዱ የሚመጣ።
ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀት ሲያይ፣ ጥርሳችን ከድድ ሊወጣ፣
የሽንኩርቱ ጆንያ አጠገቤ ነፍስ እንደዘራ ሲቁነጠነጥ፣ ሲቆጣ፣
«መንገዱ ነው» አለን ናዛርሾ፣ መቼም ሾፌር ሰበብ አያጣ።
ቆመን እኮ ነው፣ ወንድሜ! መንገዱ ከየት መጣ?

ሖሮግ ስንደርስ መሸ። የጉንት ወንዝ ድንጋይ ያንከባልላል፤
ከድልድዩ ማዶ አንድ ጋራዥ፣ አምፖሉ በንፋስ ይወዛወዛል።
«ኡስቶ ሾጉንቤክ አለ» አለን፣ «እጁን ጣል ካደረገባት ይበቃል፣
ከሺህ ህመም አንዱን ይነጥላል።»

ኡስቶ ይሉታል፤ የእጅ ሊቅ ማለታቸው ነው።
ግራ እጁን ሰጠን ለሰላምታ፣ ቀኙ ኪሱ ውስጥ ነው።
እኔ መንገደኛ፣ ምን አግብቶኝ ልጠይቀው?
ልጁ ዛራንጌዝ ከኋላው፣ መፍቻ በቀበቶዋ ሸጉጣ፣
ዓይኗን ከዚያ ኪስ አልነቀለች፣ ከቤት ጀምሮ እስክትመጣ።

ኮፈኑ ተከፈተ። ሞተሯ ሚኒሞ ላይ ታጓራለች፤
እጁ ከኪሱ ወጣች፤ እሷም ትንቀጠቀጣለች።
ክዳኑ ላይ አሳረፋት። ሁለት መንቀጥቀጦች ተገናኙ፤
ድንበር የሚያካልል ሽማግሌ አላገኙ።

ድሮ ይለይ ነበር፦
ፍጥነት ስትጨምር ብቻ ካርገፈገፈች፣ ሞተሯን ተዋት፣ ጎማ ነው፤
ማርሽ ሲገባ ዘላ ከተማታች፣ የተሸከማት ጎሚኒ ነው፤
ከአራት ምት አንዱን እየዘለለች ካነከሰች፣ ያልበራ ካንዴላ ነው፤
ቤንዚኗ ውሃ ከጠጣ ትን ይላታል፣
ፊልትሮዋ አቧራ ከጎረሰ ያፍናታል፤
ይህን ሁሉ መዳፉ በአንድ ትንፋሽ ያነብ ነበር።
ዛሬ መዳፉ ዋሸው። ወይም እውነቱን አበዛበት።

በዚያ ብርድ ግንባሩ አላበው።
«ካቻቢቴ» አለ። ረጅሙን አቀበለችው፣
እጀታው የእንጨት፣ ዳርዳሩ በጥርስ የተበላ።
ጫፉን ሞተሩ ላይ ተከለ፣ እንጨቱን ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤
እጅ ቢከዳ መንጋጋ አለ፤ አጥንት እንደ አጥንት ታመነ።
አንደኛው። ሁለተኛው። ከዚያ ቆየ፤ ብዙ ቆየ።
«ሦስተኛው ሞቷል» አለ።

ገመዱን ዛራንጌዝ ስትነቅለው፣ በሞተሯ ድምፅ ለውጥ አልመጣም፤
የሞተ ሰው ጫማውን ቢወስዱበት፣ ቅር አይለውም፣ አይቆጣም።
ካንዴላው ወጣ፤ ጥቁር፣ ዘይት የጠጣ፣ አፉ የተዘጋ።
አዲሱን ሊያስገባ ሽማግሌው እጁን ዘረጋ፤
ጥርሱ ከጥርሱ አልገጥም አለ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ብረት ከብረት ሲንኳኳ እኔ ወደ ወንዙ ዞርኩ፣ ምናልባት ከሐፍረቴ።
«አምፖሉን አንተ ያዝልኝ» አለች፣ ውሃ ስጠኝ እንደማለት።
ያዘላት።
ግድግዳው ላይ የሁላችን ጥላ ተንቀጠቀጠ፤
የኔ፣ የናዛርሾ፣ የተሰቀለው መጋዝ፤ አንድም አልተመረጠ።

ተነሳች። ግማሹ ተሻላት፣ ግማሹ ቀርቶባታል።
«ስር ግቢ» አላት፣ «አንድ በሽታ መቼ ብቻውን ይመጣል?»
ጎሚኒው ተሰነጣጥቆ፣ ጣራ ላይ እንደከረመ ኮክ ደርቋል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቁልፉ ዞረ።
ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ብታስቀምጥባት፣ አንዲት ጠብታ አትፈስም።
«ቆመ!» ብሎ ጮኸ ናዛርሾ፣ «እጅህ ይባረክ! እጅህ አይታመም!»
ሾጉንቤክ መዳፉን እንደገና ክዳኑ ላይ አሳረፈ።
ሞተሯ ጸጥ ብላለች።
ከእንግዲህ የሚያላክክባት የለም፤
የማን እንደነበረ ታወቀ።

ገንዘቡን ልጅቷ ቆጠረች። እሱ የሞተውን ካንዴላ አነሳ፣
ከእጁ ጋር ኪሱ ከተተው፣ የምትጨብጠው እንዳታጣ።

ሌሊቱን ሄድን። ሽንኩርቱም ተኛ። ኬላ ላይ ስንቆም፣
ናዛርሾ በኩራት ዞረብን፤ ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላለም።
እኔ ግን እስከ ሩሻን መዳፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ
አየኋት፣ በዳሽቦርዱ ብርሃን አጎንብሼ፤
ዝም ብላለች፣ ለጊዜው።